መሰለች በምን አፍ ትናዘዝ?

የኔታ ወልደአማኑኤል ጠበል ቀድተው ሲመለሱ ባጃጅ አጡ። የአዳማ ነፋስ የከሰዓቱን አቧራ ከቦኩ ተራራ በኩል እየነዳ ያመጣዋል። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፍና አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ ቢጫውን ጀሪካን እግራቸው ሥር አስቀምጠው በመንገዱ ዳር ቆመዋል። የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ሞልቷል። ቤት የሚጠብቃቸው ሰው ባይኖር ይህን ያህል ባልቸኮሉ ነበር፤ ደግሞ የሚጠብቃቸው ሰው አለ ለማለትም ከክረምቱ ወዲህ አፋቸው አልደፍር ብሏል።

በመጨረሻ አንዱ ባጃጅ አልፏቸው ሄዶ ቆመና ወደ ኋላ ተመለሰ። ከውስጥ አንድ ወጣት ወርዶ ጀሪካኑን አነሳላቸው።

«ይግቡ አባቴ፣ ተጠጋግተን እንሄዳለን።»

ዘካርያስ ይባላል። የአቦምሳ ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሶ እዚሁ አዳማ ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በዲቁና ያገለግላል። ሽማግሌው የፊደልና የዳዊት መምህር እንደነበሩ ሲሰማ ወዲያው «የኔታ» ማለት ጀመረ።

«ጠበሉ ለማን ነው የኔታ?»

«ለባለቤቴ። ክረምት ላይ የጭንቅላቷ ደም ሥር ነው አሉ ሐኪሞቹ፣ ግማሽ ጎኗን ያዛት። እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላው ነው፤ አማርኛዋን ነጥቋታል። አርባ ዓመት አብራኝ ስትኖር ያልሰማሁትን ዛሬ ቀኑን ሙሉ ኦሮምኛ ታወራለች። የያዛት መንፈስ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።»

ባለባጃጁ በመስታወቱ አያቸው። «አባባ፣ ኦሮምኛ መናገር መንፈስ ከሆነ ግማሹን አዳማ ጠበል ሊያጠጡት ነው ማለት ነው?»

«አንተ መንገድህን እይ!» አሉ የኔታ።

ዘካርያስ ሳቁን ዋጠ። ቀስ ብሎም ጠየቀ። «ትውልዳቸው የት ነው?»

«ካንተው አገር ነው። ከአቦምሳ ወዲያ፣ ከገጠሩ።»

«እንግዲያው የልጅነት አፋቸው ነው። ሐኪሞቹ አልነገሩዎትም? እንዲህ ያለው በሽታ ኋላ የተማሩትን ቋንቋ ወስዶ የመጀመሪያውን የሚተውበት ጊዜ አለ።»

«ነግረውኛል። ሐኪም የሚያየው ሥጋውን ነው።» የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔና እሷ ቆራቢዎች ነን። ስትታመም የንስሐ አባታችን መጡ፤ ምን ትበል ምን አልገባቸውም። ‹ሲሻላት እንመለሳለን› አልናቸው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የላትም አለኝ። ሳትናዘዝ፣ ሳትቆርብ ልትሄድብኝ ነው።»

ወጣቱ መውረጃው ሲደርስ አልወረደም፤ ጀሪካኑን ተሸክሞ የኔታን እስከ ቤታቸው ተከተለ።

የኔታ ቤት ሁለት ክፍል ናት፣ ከፊት ለፊቷ ጠባብ ግቢ አለ። ልጅ አልወለዱም። የኔታ ሲወጡ በሽተኛዋን የምትጠብቀው ጎረቤታቸው ከሪማ ናት፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አርሲ የሰፈሩ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ እስላም ናት። የኔታ ውለታዋን አይረሱም። ነገር ግን በሩ ላይ ሲደርሱ ከሪማና ባለቤታቸው ውስጥ በኦሮምኛ ሲያወሩ በሰሙ ቁጥር አንድ ነገር ደረታቸው ላይ ይቀመጣል። ቤቱ የሳቸው፣ ሚስቲቱ የሳቸው፣ ወሬው ግን የሌላ ነው። የኔታ ገበያ ላይ የሚያግባባቸው ጥቂት የኦሮምኛ ቃል አላቸው፤ ውሃ፣ ስንት ነው፣ ደህና ዋላችሁ። ከዚያ አያልፍም።

ዘካርያስ ጎንበስ ብሎ በሽተኛዋን በኦሮምኛ ሰላም አላት። ተኝታ የነበረችው ሴት ጤነኛ እጇን ዘርግታ ጉንጩን ዳሰሰችውና አገሩን፣ አባቱን፣ የአባቱን አባት ጠየቀችው። ከዚያ ደከማት። ዓይኗን ጨፍና ለራሷ እንደምታንጎራጉር በዜማ ማለት ጀመረች።

«ይኸው!» አሉ የኔታ። «በየምሽቱ ይቺን ትላለች። ‹ዋቃ፣ ዋቃ› ስትል አትሰማም? ሳትጠመቅ በፊት እናቷ ያስተማረቻት የዛፍ ሥር ልመና ነው። ጸሎቷን ሁሉ ረስታ ይሄ ቀረላት።»

ዘካርያስ እጁን አንስቶ ዝም እንዲሉ ለመናቸው። እስክትጨርስ ሰማ። ከዚያ እሱ፣ የኔታና ከሪማ ወደ ግቢው ወጡ።

«የኔታ፣ የሚሉትን ልንገርዎ፤ ዋቃ ማለት እግዚአብሔር ማለት ነው። ‹ዋቃ ሆይ፣ እኔ ከብቴን ወደ ሆራ ውሃ እንደምነዳ አንተም እኔን ንዳኝ። ጥማቴን የምታውቀው አንተ ነህ። በጨለማው ሸለቆ ሳልፍ በትርህን ልስማው። የድንግል ልጅ፣ በእንጨት ላይ የሞትክልኝ፣ ከመንጋህ ቁጠረኝ እንጂ አትተወኝ› ነው የሚሉት።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«የዛፍ ሥር ልመና ይመስላል?»

«እሱን… እሱን ከየት አመጣችው?»

ከሪማ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። «የኔታ፣ እኔ በእናንተ ሃይማኖት አልገባም። ግን እማማ ሸጊቱ ይህንን ዛሬ አልጀመሩትም። ልብስ ስናጥብ ይሉታል፣ ምስር ሲለቅሙ ይሉታል። አንድ ቀን ‹ማን አስተማርዎት?› ብላቸው፣ ‹ባሌ ጠዋት ጠዋት የሚያነበው ነው፤ እኔ ወደ አፌ አመጣሁት› አሉኝ።»

«ማን ናት ሸጊቱ?»

ከሪማ ደነገጠች። «ስማቸው ነዋ።»

«ስሟ መሰለች ነው።»

«የኔታ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ዘካርያስ፣ «ክርስትና ሲነሱ የወጣላቸው ስም ማን ነው?»

«ወለተ ማርያም።»

«መሰለች ያላቸውስ?»

«እናቴ ናት። ሙሽራ ሆና ስትገባ የአገሯ ስም ለጎረቤት አይመችም ብላ…» የኔታ ያ ስም ማን እንደነበር ጠይቀው እንደማያውቁ ትዝ አላቸውና ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ተዉት።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ግልጽ ቢሆን ደግ ነው። የኔታ ክፉ ሰው አይደሉም። ያደጉት ሃይማኖቱና የአገራቸው ልማድ እንደ ድርና ማግ በተሸመነበት ቤት ነው፤ የቱ ከወንጌል እንደመጣ፣ የቱ ከእናታቸው ጓዳ እንደመጣ ለይቶ ያሳያቸው ሰው አልነበረም። ለይቶ የሚያሳይ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም አብሮ የሚተረተር ይመስላቸዋል። ፍርሃታቸው ከዚህ ነበር።

«ስማ ልጄ» አሉ ቆይተው፣ «ልቧ ደህና ነው እንበል። ቋንቋው ግን የራሱ ጓዝ አለው። ዋቃ ማለት የድሮው አምልኮ ስም ነው። በዚያ ስም ጠርታ የማንን ደጅ እንደምታንኳኳ በምን አውቃለሁ?»

«የኔታ፣ አማርኛችን ጓዝ የለውም? ዛር የሚለመነው በምን ቋንቋ ነው? አድባር የሚለው ቃል የማን ነው? እንዲያም ሆኖ አማርኛን አልጣልንም፤ ስንጸልይበት ጠራ። ሰው ሲጠመቅ ስሙን እንጂ ምላሱን አውልቆ አይጥልም።»

«ግዕዙስ? አባቶች ያቆዩትን…»

«ግዕዝም አንድ ቀን የገበያ ቋንቋ ነበር። ወንጌል ከሌላ አገር ሲመጣ አባቶች ሕዝቡ የሚሰማውን አፍ ፈልገው ተረጎሙት። ተርጓሚዎቹን ቅዱሳን እንላቸዋለን። ከበሮውስ? መቋሚያውስ? እርስዎ የለበሱት ነጠላ ከኢየሩሳሌም ነው የመጣው? የአገሩን ነገር ተቀብሎ ለእግዚአብሔር ማድረግ የኛው አባቶች ሥራ ነው፤ እኔ አዲስ ነገር አላመጣሁም።»

«እና ሁሉን ተቀበል ነው የምትለኝ? ዛፍ ቅቤ ቀብቶ የሚሰግደውንም?»

«አይደለም። መለየት ያስፈልጋል። ለዛፉ የሚሰገደውን አንቀበልም፤ ከብት ጠባቂዋ ጌታን እንደ እረኛ ማየቷን ግን እንዴት እንጥላለን? እኔና እርስዎ እረኛ የሚለውን ከመጽሐፍ አነበብነው፤ እሳቸው ኖረውታል። በዚያው አፋቸው ይናዘዙ።»

የኔታ መቋሚያቸውን አፈሩ ላይ አሽከረከሩ። ቀጥለው የተናገሩት ከልባቸው ነበር።

«እኔ የምፈራውን ልንገርህ። ዛሬ በኦሮምኛ ይናዘዙ ትላለህ። ነገ እኛ ለብቻ እናንተ ለብቻ ይባላል። በቋንቋ ተለያይተን በየአጥራችን ስንጣላ አላየህም? አንድ የሚያደርገን ይህ ብቻ ነው የቀረን።»

ዘካርያስ ይህ ባዶ ስጋት አለመሆኑን ያውቃል።

«የኔታ፣ እውነትዎን ነው። በቋንቋ ስም የሚጣላ አለ፣ አልክድም። እኔም በሁለቱም ወገን ተሰድቤበታለሁ፤ ለአንዱ አማርኛ አብዢ፣ ለሌላው ኦሮምኛ አምጪ ነኝ። ግን ሰው ከአባቱ ቤት የሚወጣው ተናግሮ የሚሰማው ሲያገኝ ነው ወይስ ተናግሮ የሚሰማው ሲያጣ? እኔ የሰፈሬን ሰዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጡትን ስጠይቅ ‹አይሰሙንም› ነው ያሉኝ።»

«እኛ ተለያይተን አናውቅም። አርባ ዓመት በአንድ ቤት ነው የኖርነው።»

ዘካርያስ አንገቱን ደፋ። የመለሰችው ከሪማ ናት፤ መልካም ጎረቤት ብቻ በሚችለው ድፍረት መለሰች።

«የኔታ፣ አይቆጡኝ። እርስዎ ብቸኝነት የጀመረዎት ክረምት ላይ ነው። እሳቸውን የጀመራቸው ሙሽራ ሆነው የገቡ ቀን ነው።»

ነፋሱ የግቢውን ቆርቆሮ አንኳኳ። የኔታ ሊቆጡ ሲሉ የጠዋቱ ንባባቸው ትዝ አላቸው። ስንት ጠዋት መጽሐፋቸውን ዘርግተው ሲያነቡ ከኋላቸው በዝምታ ተቀምጣ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ኖራለች! እሳቸው አልዞሩም፣ አልጠየቋትምም።

«የሚሰማት ቄስ አለ?» አሉ በመጨረሻ።

«አባ ኪዳነወልድ የሚባሉ አሉ። በሁለቱም ቋንቋ ያናዝዛሉ። ግን የንስሐ አባታችሁ መፍቀድ አለባቸው።»

የኔታ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለዘካርያስ ሰጡት፤ ቁጥሩን ፈልጎ ደወለ። የንስሐ አባታቸው ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ «ያኔውኑ ይህን ማድረግ ነበረብኝ፤ እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም።

በማግስቱ አባ ኪዳነወልድ መጡ። ወጣት ካህን ናቸው። የኔታ ወንበር አቀረቡላቸው፣ እጃቸውን ተሳለሙ፣ ወጥተው በሩን ከውጭ ዘጉት። ኑዛዜ በካህኑና በተናዛዡ መካከል ነው፤ ይህን ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከሪማ ገበያ ሄዳለች። ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ።

የባለቤታቸው ድምፅ በቆርቆሮው በር አልፎ ይመጣል። መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር። ከዚያ እየፈጠነ፣ እንደታገደ ውሃ እየጎረፈ መጣ። አለቀሰች። ቆየችና ሳቀች፤ ካህኑም አብረው ሳቁ። የኔታ ይህን ሳቅ አያውቁትም። ሰፊ፣ ከሆድ የሚወጣ የልጃገረድ ሳቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ንግግር መሐል የገባቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የራሳቸው ስም። ሁለት ጊዜ ጠራችው። አመስግናቸው ይሆን? ወቅሳቸው ይሆን? ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉና አፍረው መለሱት።

ካህኑ ሲወጡ የኔታ ራሳቸውን መግታት አልቻሉም። «አባ፣ ስሜን ሰማሁ…»

አባ ኪዳነወልድ ፈገግ ብለው መስቀሉን አሳለሟቸው፤ ምንም አልተናገሩም። የኔታ መልሱ ከዚህ በኋላ ለዘላለም የተዘጋ መሆኑን አወቁ። ያ ነገር በሌላ ጊዜ፣ ማንም ሳይከለክላቸው፣ ቢጠይቋት ኖሮ ይሰሙት ነበር።

እሁድ ጠዋት በባጃጅ ወስደዋት ቆረበች፤ እሳቸውም ከጎኗ ቆረቡ። ደካማ ፊቷ ላይ ከክረምት ወዲህ ያልታየ እርጋታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን መናገር ይገባል፣ ጥቅሙ ለአንድ ቤት ብቻ አልቀረምና። የኔታ ራሳቸው ለሰበካው ሽማግሌዎች ቆመው ተናገሩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኦሮምኛ የሚያናዝዝ ካህን ተመደበ። ከወንጂ በኩል፣ ከሞጆ በኩል ለዓመታት ከደጁ ርቀው የነበሩ አሮጊቶች ነጠላቸውን አጣፍተው መምጣት ጀመሩ። የተፈራው መለያየት አልመጣም፤ ይልቁንም በአንዱ ደጅ የሚቆመው ሰው በዛ። አማርኛ ተናጋሪው አልጎደለበትም፣ ግዕዙም ከመቅደሱ አልወጣም። እናቱ የጸለየችበትን አፍ በቤተ ክርስቲያን የሰማ ልጅ ቤተ ክርስቲያኗን የሌላ ሰው ቤት አይላትም። ሃይማኖት በአንድ አገር ሥር የሚሰደው የዚያን አገር ሰው ቋንቋ፣ ኑሮና ትዝታ ሲቀድስ ነው። መለየት ያለበትን መለየት የመምህራን ሥራ ነው፤ ሳይሰሙ መለየት ግን አይቻልም።

የኔታ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ዘካርያስ ዘንድ ኦሮምኛ ይማራሉ። ምላሳቸው አርጅቷል፤ ቃሉ ቶሎ አይያዝላቸውም። ወደ ማታ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጡና «ሸጊቱ» ይሏታል፤ ትዞራለች። የያዙትን ይሞክራሉ። ሲሳሳቱ በደህና እጇ ጉልበታቸውን መታ ታደርጋቸውና ደግማ ትላለች፤ እሳቸውም ደግመው ይላሉ። ከዚያ እሷ ማውራት ትጀምራለች፤ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ እናቷ፣ ምናልባትም ስለ እሳቸው። ከአሥር ቃል አንዱ ቢገባቸው ነው። «አልገባኝም» ብለው አያቋርጧትም። እየመሸ፣ ድምፅዋ እየደከመ፣ ጆሯቸውን ወደ አፏ ጠጋ አድርገው ይሰማሉ።