ቦታ የማይፈጅ ባትሪ

እንደምን አደሩ ጋሽ መንበሩ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ አይወድም ብለውኝ ነበር። ዛሬማ ብርዱ ከካርሜ ጋት ሰፈር በኩል ሰተት ብሎ ነው የሚመጣው። የልጅ ልጅዎ ሮይስ? ከጦር ሰፈር ደወለ? እሰይ። ድምፁን ጠዋት ጠዋት ሲሰሙት ደስ ይላል።

አይ፣ አልቸኩልም። ፋብሪካው ፈቃድ ሰጥቶኛል። ነገ የልጄ የቶሃር ሠላሳ ቀኗ አይደል? የመቃብር ድንጋይዋን እናቆማለን። ባለቤቴ ንጋት ቤት ታሰናዳለች። እኔም ቤት መቀመጥ አቃተኝና መጣሁ። የማኅበራችንን አውቶቡስ ልየው ብዬ።

እስቲ የባትሪውን ሳጥን ይክፈቱልኝ።

አሃ... አዲስ ናቸው። እንዴት ያምራሉ! እንዴትስ ያንሳሉ! አሁንም እሱ ነው የመረጣቸው? ታዲያ ማን ይምረጥ? ኮሚቴው ውስጥ እንደ እሱ ለቦታ የሚጨነቅ ማን አለ?

ኧረ ይስማ፣ ምን አለበት። በሩ ላይ ቆሞ የለ? ምስጋና ነው። ሰውን በሌለበት ማመስገንማ ሐሜት ይመስላል።

ይህን አውቶቡስ ማን ሰው አደረገው፣ ጋሽ መንበሩ? አሮጌ የከተማ አውቶቡስ ነበር። ማኅበሩ ሲገዛው ውስጡ ወንበር ብቻ ነበር። ወንበሩን ግማሹን ያስነቀለው እሱ ነው። ለሽማግሌዎች መጋደሚያ ያሠራው እሱ ነው። ፍሪጅ ያስገባው፣ ድምፅ ማጉያ የሰቀለው እሱ ነው። ሰርግ ስንሄድ እየዘፈንን፣ ለቅሶ ስንሄድ ቀዝቃዛ ውኃ እየጠጣን... ማን ያስበዋል ይህን?

ከዚያ ለድምፅ ማጉያው ሳጥን ቦታ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ማጉያውን ይተዋል። እሱ ግን ዐዋቂ ነው፤ ባትሪዎቹን አየ። ሁለት ትልልቅ፣ ከባድ፣ የናፍጣ ባትሪዎች። ወገብ የሚሰብሩ። አወጣቸውና የቤት መኪና ባትሪ የሚያካክሉ ሁለት አስገባ። የሙሳኩ፣ የጋራዡ ሰው «ይህ ሞተር ጉልበት ይፈልጋል» ብሎት ነበር አሉ። መካኒክ ምን ያውቃል? ሐምሌ ላይ ሞከረው፣ ተነሣ። ታዲያ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት የማይነሣ ምን አለ?

ትንሽ ቆሎ ይዘህ ወደ አሻሮ ተጠጋ ይባል የለ? ትንሽ ባትሪ ይዞ ወደ ትልቅ ሞተር ተጠጋ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል... አንበሳ ያስነሣል ግን ማን አለ?

ፍሪጁንም ከእነሱው ጋር አገናኘው። ምን ችግር አለ? አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ደግሞ ደግነቱ። እሱን ሳላነሣ ባልፍ እግዜር ይታዘበኛል። ቶሃር ያረፈችው አርብ ከሰዓት ነበር። ሰንበት ሊገባ ነው፤ ቀብሩ ለእሑድ ጠዋት ሆነ። እናቴ የምትኖረው አፉላ ከተማ ነው፣ ሩቅ። ከእኅቶቿ ጋር አውቶቡሱ ያምጣቸው ተባለ። እሱም እሺ አለ፤ መቼ እንቢ ብሎ ያውቃል? ሮጦ ሱፐር ሄደ። ለለቅሶተኛ የሚሆን መጠጥ ገዝቶ ፍሪጁን ሞላው። እንዲቀዘቅዝም አበራው። ከዚያ ሰንበት ገባ።

ሰንበት ከገባ ደግሞ ማን ይነካል? እሱ ሃይማኖተኛ ሰው ነው። ሙሉ ሰንበቱን ፍሪጁ ሠራ። ከጸሎት ሲመለስ በዚህ በኩል አልፏል፤ ጆሮውን ሰጥቶ አዳምጧል አሉ። «ይሠራል፣ ተመስገን» አለ አሉ። ሰንበት ከወጣ በኋላስ? ያኔማ ደክሞት ተኝቷል፤ ሰው አይደል?

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ቁልፉን ያዞሩት እርስዎ ነበሩ፣ ጋሽ መንበሩ። ምን አለ?... ቲክ። ደግመው አዞሩት። ቲክ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ የእኛ ውሻ መጮኹንም ተወው። እርስዎን አልወቅስም። የእርስዎ ሥራ ማዞር ነበር፣ አዞሩ። በመኪናቸው ባትሪ ሊያስነሡ የመጡትንም አልወቅስም። የታክሲ ባትሪ ለአውቶቡስ ምኑ ነው?

እናቴ አፉላ፣ ከሕንፃው በር ላይ፣ ነጭ ለብሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ስትል ረፈደ። በመጨረሻ ጎረቤት ባቡር ጣቢያ አደረሳት። የቀብር ሰዎቹ የቻሉትን ያህል ቆዩልኝ። ዝናብ መጣ። ሌላ ሰውም ተራ ይጠብቃል። እሷ ስትደርስ አፈሩ ተመልሷል። «የልጄን የመግነዝ ጨርቅ እንኳ በእጄ ሳልነካ» አለችኝ። እጇን አፈሩ ላይ አድርጋ አላነሣም አለች።  

እሱ ግን አልቀረም። በእግሩ መጣ። መጠጡን በሁለት ከረጢት ተሸክሞ። አንድ ጠርሙስ ከፍቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እንዴት ቀዝቃዛ ነበር! ጣቴን እስኪያመኝ። ፍሪጁ እውነትም ይሠራል።

ደግሞ አጽናናኝ። «አይዞህ ቢምረው፣ ትንሽ ልጅ ናት፤ ለትንሽ ልጅ ቀብር ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ ገና ትወልዳላችሁ» አለኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከየት ያመጣል? እኔ ብሆን አይመጣልኝም። ይቅርታ ያላለው ረስቶ አይመስለኝም። ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው፤ ቦታ ይፈጃል። እሱ ደግሞ ቦታ ይቆጥባል።

እና ዛሬ እነዚህን አዲሶቹን መረጠ... ከበፊቶቹም ያንሳሉ ልበል? ዓይኔ ነው? እርስዎም እንዲያ አዩዋቸው? እንግዲህ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል ነበር፤ የእኛ አውቶቡስ ቀስ በቀስ እንቁላል ሆኖ ሊቀመጥ ነው።

አይ፣ አያውጧቸው! ማን አውጡ አለዎት? በእኔ ምክንያት የሰው ምርጫ አይነካም። ለነገም አያስቡ። አፉላ መሄድ አያስፈልግዎትም። እናቴን ከትናንት ወዲያ ሄጄ በባቡር አመጣኋት። «ያንን መኪና ሁለተኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አልጠብቅም» አለች። አሁን ቤቴ ናት። የቶሃር አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። እግሯን አጥፋ፤ አልጋው ትንሽ ነው። ሌላ እንስጥሽ ብንላት እንቢ አለች።

የጋን ቦርሳዋ፣ መዋዕለ ሕፃናት ይዛው የምትሄደው፣ አሁንም በሩ ላይ ተሰቅሏል። ንጋት አታወርደውም፤ እኔም አላወርደውም። በገባን በወጣን ቁጥር ትከሻችንን ይነካናል። አንዲት ፍሬ ቦርሳ፣ ጋሽ መንበሩ። ቤቱን ሞልታዋለች።

በሉ ልሂድ። ይዝጉት ሳጥኑን፣ ዝናብ እንዳይገባበት። ከሄድኩ በኋላ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ እንዳልል፣ ያው ሰምቷል። ቀና እንኳ አላለም... ትሑት ነው።

እኔ ምን እከፍለዋለሁ? ምርቃት ነው ያለኝ። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጠው። አውቶቡሱ ባስፈለገው ቁጥር በአንድ ቁልፍ ይነሣለት። እናቱ ለምንም ነገር አትዘግይ። ልጆቹን ያሳድግለት፤ ሁሉንም፣ አንድም ሳይጎድል፤ ቁመታቸው ከበሩ ይለፍለት። ትንሽ ልጅ ምን ያህል ቦታ እንደምትፈጅ... እሱን አያሳየው።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሽ መንበሩ።