የተወዛዋዡ ጉልበት

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ አወቀቻቸው።

«ጋሼ፣ የድሮው ኪነት ቡድን ተወዛዋዥ አይደሉም? ልጅ ሆኜ አይቼዎታለሁ። ምንም አላረጁም እኮ።»

«ጠዋት ጠዋት ዳገት እወጣለሁ። ማታ ብዙ አልበላም። መጠጥም ትቻለሁ።»

«አሁንም መድረክ ይወጣሉ ማለት ነው?»

«የለም፣ ልጄ። ባለቤቴ ግማሽ አካሏ አይታዘዝላትም። ፀሐይ እንድትሞቅ ከአልጋ አንስቼ በር ላይ የማወጣት እኔ ነኝ።»

«ያቺ አብራዎት የምትወዛወዘው?»

«እሷው ናት። ሰፊውን ቤት ለቅቀን አንዲት ክፍል ተከራየን። አልጋው ለበሩ ስለሚቀርብ ብዙ አልሸከማትም።»

«ጎረቤት አያግዝዎትም?»

«ያግዙኛል። ግን ሌላ ሰው ሲያነሳት ታለቅሳለች።»

«እግዜር ጉልበትዎን ይጠብቅልዎ።»

«አሜን። ከሐኪም ቤት መመለሴ ነው። ልቤ ደክሟል አሉኝ፤ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ከለከሉኝ።»

«ታዲያ ምን አሏቸው?»

«እሺ አልኳቸው። ጠዋት በር ላይ አስቀምጬ ለጎረቤት አደራ ሰጥቻት ነው የመጣሁት። አሁን ደርሼ ላስገባት ነው።»

መውረጃዬ ሲደርስ ወራጅ ማለት አቅቶኝ አብሬያቸው አለፍኩ።