ፖሊሶቹ ያላዩት አንድ እግር

ከጉንደ ወይን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው አውቶቡስ ከጎኔ አንድ ሽማግሌ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ አንዲት ነጋዴ ሴት ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው ስልቻቸውን እግሬ ሥር አኑረዋል።

«ወዴት ነው አባቴ?» አለቻቸው።

«ፍርድ ቤት። ልጄ ከታሰረ ሳምንቱ ነው፤ ሐሺሽ ዘርተሃል ብለው።»

«ዘርቶ ነበር?»

«አንድ መንገደኛ ለከብት ሳል ይሆናል ብሎ ፍሬውን ሰጠው። ጓሮ በቀለ። ፍየሏ በልታው ቀኑን ሙሉ ስትተኛ ዋለች፤ እሷን የያዛት የለም።»

«ሕጉ ለሰው ነዋ።»

«አረቄ ስንቱን ቤት አፈረሰ? እሱን በጠራራ ፀሐይ ይሸጡታል።»

«እኔም እሸጣለሁ፤ እኔን ይተዉኝ። ለዳኛው ምን ሊሉ ነው?»

«ፖሊሶቹ ያላዩት አንድ እግር ተክል አጥር ሥር ቀርቶ ነበር። ደበቁ እንዳንባል ነቅዬ ለዳኛው ይዤለታለሁ።»

«ይዘውታል? እዚህ?»

«እዚህ ስልቻ ውስጥ። በበግ የተጣላ ሰው እንኳ በጉን ጎትቶ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ወጋችን ነው።»

«አባቴ፣ ማርቆስ መግቢያ ኬላ አለ። ይፈትሻሉ። ከልጅዎ ጋር እርስዎም ይታሰራሉ። በመስኮት ይጣሉት።»

«በንጉሥ አምላክ፣ አልጥልም። ጥዬው ቢያገኙትስ? ያኔ ልጄን ማን ያምነዋል?»

«የማን ነው ቢሉዎትስ?»

«የኔ ነው እላለሁ።»

«ቀስ ብለው ያውሩ እንግዲያ፤ ደርሰናል።»

አውቶቡሱ ፍጥነቱን ሲቀንስ እግሬን ከስልቻው ቀስ አድርጌ አራቅሁ።