ከሰማይ የታየች መንገድ

ከቡሬ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌ፣ የገበሬ ማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ትልቅ የአየር ፎቶ ተለጥፎ ሰው ተሰብስቦበታል። ባለፈው በጋ አውሮፕላን እየተመላለሰ ያነሳው ነው። የመሬት ባለሙያው አንዷለም የእያንዳንዱን ማሳ ለባለቤቱ እያሳየ፣ ስህተት ካለ ያርማል፤ ከሌለ ያስፈርማል።

ወለተሥላሴ ተጋፍታ ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎጆዋን ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ምላሷን ሰፈሩ የሚፈራላት ሴት ናት። ዓይኗ በቀጥታ የሄደው ወደ አንድ የበርበሬ ማሳ ነው። በዚያ በኩል ወደ ምንጩ የሚወስድ መንገድ ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት ታርሶ በርበሬ ተተከለበት። ሽማግሌ ቢላክባቸው፣ ባለማሳው «እዚህ መንገድ አልፎ አያውቅም» ብለው በማርያም ማሉ። ከዚያ ወዲህ ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን አዝሎ በገደሉ ይዞራል። ባለፈው ነሐሴ የወለተሥላሴ አህያ እዚያው ተንሸራትታ ቀረች።

አሁን በፎቶው ላይ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር የምታቋርጥ ነጣ ያለች መስመር ታየቻት። ስንት ዘመን እግር የጠቀጠቀው አፈር፣ ቢታረስም ከላይ ይለያል። ባለማሳው ተራቸውን እየጠበቁ፣ ሁለት እርምጃ ርቀው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባዋን ሰጠቻቸውና ወደ ጎረቤቷ ዞረች።

«አንች ምሕረት፣ እንዴት አደርሽ? ልጆቹስ? ዝናቡ ዘንድሮ አማረበት አይደል?... እስቲ ነይ፣ ሰማይ ወጥተን አገራችንን እንይ! ይች ያንች ቤት ናት፤ ቆርቆሮዋ ስታበራ! የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ደግሞ ከላይ ሲያዩት እንዴት ያለ ክብ ነው! የሠራው ሰው እጁ ይባረክ።

«ይኸ ማሳስ... የማን ይሆን? ስም አልጠራም፤ ደግ ሰውን በሰው ፊት አመስግኖ ማሳፈር ምን ያደርጋል? እንዴት ያሉ ጎበዝ ገበሬ ናቸው ግን! እኛ የራሳችንን አርሰን እንደክማለን፤ እሳቸው የራሳቸው መች በቅቷቸው?... ጌታ ጉልበት ሲሰጥ እንዲህ ነው።

«ይችን ነጭ መስመር ምንድን ናት ትያለሽ? መንገድ? ኧረ ተይ! በማርያም ተምሎበት የለ? እሳቸው ደግሞ ሐሰት አያውቁም። የአውሮፕላኑ ጥላ ይሆናላ!... ጥላ ነጭ ይሆናል እንዴ? እንጃ፣ እኔ አልተማርሁ። ወይ መላእክት ውኃ ሲቀዱ የረገጧት ትሆን?»

ሰዉ ሳቁን በነጠላ ጫፍ አፈነ። አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማች።

«ለእኛ ለሴቶቹ ማዘናቸውስ! እንዳንወፍር ብለው በገደል ያዞሩናል። ወገቤን አታዪም፣ የኮረዳ ሆኖ? አህያዬ እንኳ በእሳቸው ደግነት ከሸክም ተገላገለች... ለዘለዓለሙ።»

«የሚታረም ያለው?» ሲል አንዷለም ተጣራ።

ባለማሳው ተነሡ። ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ማንንም ሳያዩ ፎቶው ዘንድ ሄዱ። በባለሙያው ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሹከው ጣታቸውን ነጯ መስመር ላይ አሳረፉ። አንዷለም ግራና ቀኙን በቀይ እስክሪብቶ አሰመረ፤ መሐሉ ላይ «የእግር መንገድ» ብሎ ጻፈ። እሳቸውም ፈረሙ።

ምሕረት የወለተሥላሴን እጅ ጨበጠች። ነገ ማለዳ በቀጥታ ምንጭ ሊወረድ ነው! ዝም ብላ ብትሄድ ይበቃት ነበር። አራት ዓመት በገደል ዞራ እንዴት ዝም ትበል?

«አየሽ ምሕረት፣ ደግ ሰው እንዲህ ነው! በሉ እንመርቅላቸው። ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣቸው...»

ምርቃት ሲሰሙ ልማድ ሆኖባቸው፣ ባለማሳው ቆባቸውን አወለቁና አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ማን ላይ ሲወራ እንደዋለ ያልገባው ካለ ገባው። ወለተሥላሴ ድምጿን ይበልጥ አለሰለሰች።

«...ልጅ ይውጣላቸው፤ በርበሬው ያፍራላቸው። ቀናቸው ደርሶ ወደ መንግሥተ ሰማያት ሲሄዱም... መንገዱን ያረሰ ሰው አይግጠማቸው።»