በጭቃ ቤት የቀናው ባለ ድንጋይ ቤት

ሰው በቪላ ቢቀና አይገርምም ልጆቼ። አዋሽ ሰባት ላይ ግን ባለ ድንጋይ ቤቱ አበጀ በጎረቤቱ በከድሩ የጭቃ ቤት ቀንቶ እህል አልወርድ ብሎት ነበር።

አበጀ ጉልበቱን በጂቡቲ መንገድ ላይ የጨረሰ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ቤቱን በየጉዞው ካጠራቀማት ገንዘብ ነው የሠራው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግቢው ሰፊ። ታዲያ ሊሸጠው ቢያወጣው ደላላ የሚያመጣው ሰው ሁሉ ገባ ብሎ ላቡን ይጠርግና «እንግዲህ እናስብበታለን» ብሎ ይወጣል። ወሎዬው ባለ ሱቅ ከድሩ ግን ሰመራ ላይ ሱቅ ሊከፍት ቤቱን ለሽያጭ ቢያቀርብ ገዢ ተሻማበት። ያን ሰሞን አበጀ ከአጥሩ ሥር አልጠፋም፤ ከድሩ ግቢ የሚገባ የሚወጣውን ሲቆጥር ይውላል።

ሚስቱ ሀብትነሽ ደግሞ ቁርጡን ነግራዋለች። «ፀዲ ሰመራ ላይ ልትወልድ ደርሳለች። አንድ ልጄን ብቻዋን አላስምጣትም። ቤቱ ተሸጠም አልተሸጠም እኔ ሄጃለሁ፤ አንተ ከጎማዎችህ ጋር ተቀመጥ!»

አበጀ አንድ ጠዋት ከበሩ ሲወጣ፣ ከከድሩ ግቢ ከወጣች፣ መጋረጃ አጥፋ ከታቀፈች ወጣት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«ይመስገን። የከድሩን ቤት የቀባባሽለት አንቺ ነሽ? አሁን ደግሞ መጋረጃውን ይዘሽበት ልትሄጂ?»

ወጣቷ ሳቀች። «መጋረጃው የእኔ ነው አባባ፤ ለማሳያ ያዋስኩት ነው፣ ገዢውም ያውቃል። ፋሪሃ እባላለሁ። ሰመራ ላይ ዲኮር ተምሬ ለሽያጭ የሚቀርብ ቤት አሰናዳለሁ።»

«በእኛ ጊዜ ይሄ ማታለል ነበር ስሙ።»

ከድሩ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ሰማው። «አበጀ! በአጥር ከምታይ በበር ግባ ስልህ እምቢ አልክ፤ ወላሂ አንገትህ እኮ ረዘመ!»

አበጀ ደሙ ፈላ። ነገር ግን ቅናት አንዳንዴ ኩራትን ትበልጣለችና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ የእኔንም እዪልኝ ልጄ» አላት።

ፋሪሃ ስትገባ ቤቱ ጨለማ ነው። አበጀ የመንገዱን አቧራ ፈርቶ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርዷቸዋል። ሳሎኑን ቡፌና ሶፋ አጨናንቆታል፤ ግድግዳው በቤተሰቡ ፎቶ ተሞልቷል። ከጓሮ፣ ከአዋሽ ገደል በኩል ንፋስ የሚገባበት ዳስ አለ፤ በዚህ ሙቀት ሰው ማታ ማታ አልጋውን አውጥቶ የሚተኛበት። አበጀ ግን «አንድ ቀን ይፈለጋሉ» እያለ ያረጁ ጎማዎች ከምሮበታል።

«ደላላው ሰው የሚያመጣው መቼ ነው?»

«ከአውቶቡስ ሲወርዱ ነዋ፣ ቀትር ላይ።»

«ምድጃ ውስጥ እያስገቧቸው ነው እኮ አባባ!»

«ቤት ግድግዳና ጣሪያ ነው ልጄ። የሚገዛ ሰው ድንጋዩን አንኳኩቶ ይግዛ። ለምሰናበተው ቤት ደግሞ ምን አስወጣኝ?»

ፋሪሃ ጎማዎቹን አየት አደረገች። «መኪናዎን ሲሸጡ እንዴት አድርገው ነው ያቀረቡት?»

የአበጀ ፊት በራ። «እሱማ አጥቤ! ፍሬኑን አሠርቼ፣ ወንበሩን አስለብሼ፣ የተኛሁበትን ፍራሽ አውጥቼ፣ የፀዲን ፎቶ ከመስታወቱ ላይ ነቅዬ። የሌላ ሰው ፍራሽ ባለበት ጋቢና ማን መሪ ይጨብጣል? ገዢው ሲቀመጥ የእኔ መሆኑን መርሳት አለበት።»

ፋሪሃ ግድግዳው ላይ ወዳሉት ፎቶዎች ዞረች። አበጀም ተከትሏት ተመለከተ።

«ይሄ ቤት ፍራሽዎ ያልወጣለት ጋቢና ነው አባባ» አለችው በቀስታ።

«እሺ፣ ታዲያ ራሴ አወጣዋለሁ። ባለሙያ ምን ያደርግልኛል?»

«ይሞክሩት። ግን እርስዎ ያቺን ጎማ ሲያዩ ምን ያያሉ?»

«በጂቡቲ መንገድ፣ ዲቾቶ ላይ የፈነዳችብኝ ናት! ስንት መከራ አብረን አይተናል።»

«ገዢ የሚያየው የእባብ መደበቂያ ነው። የእኔ ሥራ በእንግዳ ዓይን ማየት ነው፤ የቤቱን ደህና ጎን ፈልጎ ማውጣት።»

«ከቡፌው ኋላ ስንጥቅ አለች፤ እሷን በቀለም ሸፈን ታደርጊልኛለሽ?»

«አላደርግም! ግንበኛ ጠርተው ያስጠግኑ፤ ለገዢውም ተጠግኗል ብለው ይንገሩት። እኔ አሰናዳለሁ እንጂ አልዋሽም።»

ልጆቼ፣ አበጀን ያሸነፈችው በዚች ቃል ነው። ሥራዋን ማታለል ያለው እሱ ራሱ ማታለል ሲጠይቅ፣ እምቢ ያለችው እሷ ሆነች።

ጎማዎቹ ወደ ጋራዥ ሄዱ። ስንጥቁ ተጠገነ፣ ፎቶዎቹ ተጠቅልለው ሻንጣ ገቡ፣ ብርድ ልብሶቹ ወርደው ስስ መጋረጃ ተሰቀለ። ፋሪሃ ዳሱ ሥር አልጋ አውጥታ ነጭ አንሶላ አነጠፈች፣ ምንጣፍም ዘረጋች። ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። «ቤቱ የሚታየው አመሻሽ ላይ ብቻ ነው» ብላም ደላላውን አስጠነቀቀችው።

ታጁ የሚባል ባለ ጋራዥ ከሚስቱ ጋር መጣ። ክፍሎቹን አዩ፤ ስለ ስንጥቁ አበጀ ራሱ ነገራቸው። ዳሱ ጋ ሲደርሱ ሚስቲቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ንፋሱ ሻሿን አነሳው። «ታጁ፣ እኛ የምንተኛው እዚህ ነው» አለች። ለመነሳትም አልፈለገች።

አበጀ ሀብትነሽን ወደ ጓዳ ጎትቶ «አልሸጥም!» አላት።

«አበድክ እንዴ?»

«እነሱ በዚህ ንፋስ ሊንፈላሰሱበት ነው! ስንት ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ ቤት እንዳለኝ ማን ነገረኝ?»

ሀብትነሽ ሳቅ አፈናት። «እኔ ስነግርህ ነበር፤ አንተ ጎማ ትከምራለህ። ለገዢ ያሰናዳነውን ለራሳችን የነፈግን እኛው ነን። በል ሽጥና ሰመራ ላይ ከመጀመሪያው ቀን እንደ ሰው እንኑር።»

ቤቱ በደህና ዋጋ ተሸጠ፤ ሀብትነሽም ለፀዲ ምጥ ደረሰች።

እንግዲህ ቤት የምትሸጡ ሁሉ ስሙኝ። ቤትን በባለሙያ ማሰናዳት ገዢን ማሞኘት አይደለም። ገዢው ነገ የሚኖርበትን ዛሬ እንዲያየው ማድረግ ነው። ቤቱ ቆሞ አይከርምም፣ ዋጋው አይረክስም፣ የተደበቀው ጉድለትም በጊዜ ይጠገናል። ደግሞ ለመሸጥ እስክትነሱ አትጠብቁ፤ ለራሳችሁም አሰናዱት።

ሰመራ ላይ ከድሩ አራስ ሊጠይቅ አበጀ አዲስ ቤት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ የተከፈቱትን መስኮቶች፣ ጥላ ሥር የተነጠፈውን አልጋ፣ የተጠረገውን ግቢ በዓይኑ ቃኘ። «ማሻ አላህ! ይሄን ማን አሰናዳልህ?» አለ፤ ድምፁ ቅናት ቅናት ይላል።

አበጀ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው። ሕፃኗን እንደታቀፈ ፈገግ አለ።

«አንገትህ ረዘመ እኮ ከድሩ! ና፣ በበር ግባ።»