ምንቴ የላከው ብርጭቆ

(ሐዋሳ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፤ አልጋ የያዙት እናት ካሉበት ክፍል ጎን ባለች ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ትልቋ ልጃቸው ጽጌ እና የወንድ ልጃቸው የምንተስኖት ሚስት ረድኤት ይከራከራሉ።)

ረድኤት፦ አልሠራም አልኩሽ እኮ፣ እትዬ። አልሠራም ማለት አልሠራም ነው።

ጽጌ፦ ድምፅሽን ቀንሺ! ግድግዳው ስስ ነው፤ ትሰማናለች።

ረድኤት፦ ይስሙና እንገላገል።

ጽጌ፦ ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?

ረድኤት፦ ምን ያልነካኝ አለ? ባሌ ሞተ። እሱ ነው የነካኝ።

ጽጌ፦ ኧረ አፈር ስሆንልሽ! ኧረ ቀስ! ቆይ በሩን ልዝጋው... እሺ፣ አሁን ተናገሪ። በሹክሹክታ ግን።

ረድኤት፦ በሹክሹክታ አለቀስኩ፣ በሹክሹክታ ቀበርኩ፣ አሁን ደግሞ በሹክሹክታ ኬክ ልሥራ?

ጽጌ፦ ኬክ አይደለም። እሳት የለው፣ ምጣድ የለው። ብስኩት ትፈጫለሽ፣ አይብ ታነጥፊበታለሽ፣ ማንጎ ትደርቢበታለሽ፣ ፍሪጅ ትከቺዋለሽ። አለቀ።

ረድኤት፦ እንዲህ ከቀለለ አንቺ ሥሪው።

ጽጌ፦ ሠራሁት እኮ! ትናንት ሠርቼ አንድ ማንኪያ አቀመስኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? «ይሄ የአንቺ እጅ ነው። ምንቴ እንዲህ አያቀጥነውም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም አፌ አመለጠኝና «የእሱ ነገ ይደርስልሻል፤ በሰው ልኮታል» አልኳት።

ረድኤት፦ ልኮታል?

ጽጌ፦ ምን ልበላት ታዲያ!

ረድኤት፦ ከጅቡቲ? በዚህ ሙቀት? አይብ?

ጽጌ፦ በበረዶ ሳጥን ነው አልኳት።

ረድኤት፦ ወይ ጉድ! መጀመሪያ ጅቡቲ ሆቴል አስቀጠራችሁት። ቀጥሎ ስልኩን ባሕር ውስጥ ጣላችሁበት። አሁን ደግሞ የበረዶ ሳጥን ገዛችሁለት። ምስኪን ባሌ፣ በሕይወቱ ያላገኘውን ሁሉ ሞቶ አገኘው።

ጽጌ፦ ቀልጂ አንቺ። ከእሁድ ወዲህ ከውሃና ከዚያች አንድ ማንኪያ ሌላ አፏ የገባ ነገር የለም። ያ መድኃኒት በባዶ ሆድ አይዋጥም። ሐኪሙ ያለውን አብረን ነው የሰማነው።

ረድኤት፦ «ካልበሉ ልባቸው አይችልም» አለ።

ጽጌ፦ «ድንጋጤም አይችልም» ብሏል። ግማሹን አትዋጪ እንጂ! ደግሞ ነገ ረቡዕ ነው። እማዬን ታውቂያታለሽ፤ ነፍሷ ቢወጣ በጾም ቀን አይብ አትነካም። ያለችን ዛሬ ብቻ ናት።

ረድኤት፦ እስከ መቼ ነው ግን? እሱን ንገሪኝና ልሥራ።

ጽጌ፦ ትንሽ ጠንከር እስክትል።

ረድኤት፦ ቅዳሜ አርባው ነው፣ እትዬ።

ጽጌ፦ አውቃለሁ።

ረድኤት፦ አጎታችሁ ጋሽ በቃሉ ቤት ድንኳን ይተከላል። ቄስ ይመጣል፣ ዕድሩ ይመጣል፣ ሰፈሩ ነቅሎ ይመጣል። መሞቱን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሳቸውም የወለዱት ናቸው።

ጽጌ፦ እያወቅሽ አትውጊኝ።

ረድኤት፦ እኔንስ ማን አዘነልኝ? እዚህ ቤት የምገባው በር ላይ ጥቁሬን አውልቄ፣ ባለ ቀለም ልብስ ለብሼ፣ ከንፈሬን ቀብቼ ነው። «እንዴት አደሩ እማማ፣ ምንቴ ሰላም ብሎዎታል» ብዬ ጉንጫቸውን ስሜ። ልጄን ሳይቀር እናቴ ጋ ልካችሁብኛል፣ ሕፃን ናት፣ አፏ አያርፍም፣ ታወጣዋለች ብላችሁ። ማታ አቅፌያት የምተኛት እንኳ የለችኝም።

ጽጌ፦ እኔስ? የእኔስ ወንድም አይደለም? በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ነው የማለቅሰው። ትናንት እማዬ «ጽጌ፣ ውሃው ይፈሳል፣ ዝጊው» ብላ ጮኸችብኝ። ዘጋሁት። ልቅሶዬንም ዘጋሁት። እባክሽ፣ እህቴ። እግርሽ ላይ ልውደቅ?

ረድኤት፦ ተይ፣ ተይ፣ ተነሺ! ምን መሆንሽ ነው? አይቡን አምጪው።

ጽጌ፦ ተባረኪ!

ረድኤት፦ አትመርቂኝ። ይሄ ምንድን ነው? ይሄ እኮ አይብ አይደለም፣ አጓት ነው። እሱ በስስ ጨርቅ ቋጥሮ፣ አንጠልጥሎ ነበር የሚያሳድረው። አሁን ጊዜ የለም፤ ቋጥሪና ጨምቂው። አጥብቀሽ!

ጽጌ፦ ይሄው እየጨመቅኩ ነው።

ረድኤት፦ ብስኩቱን ፌስታል ውስጥ ከትቼ እወቅጠዋለሁ፣ ዘነዘናውን አቀብዪኝ። ለደንበኛ ሲሆን ሻካራ አድርጎ ነው የሚተወው፣ ከጥርስ ጋር እንዲንኮሻኮሽ። ለእማማ ግን ዱቄት እስኪሆን ያልመዋል። ድዳቸውን እንዳይወጋቸው።

ጽጌ፦ ለዚያ ነዋ ትናንት ስትበላው ፊቷን ያጨማደደችው። እኔ የት አውቄ!

ረድኤት፦ ቅቤው ቀልጧል? ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ አድርጊበት። በቃ! አሁን ብርጭቆው ሥር በማንኪያ ጀርባ ጠቅጥቂው። እኔ ክሬሙን ልምታ።

ጽጌ፦ ስኳሩስ?

ረድኤት፦ ሁለት ማንኪያ። ስኳራቸው ስለሚጨምር ከዚያ በላይ አይፈቅድላቸውም ነበር። «እማዬ፣ ጣፋጩ ማንጎው ነው» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ «ቆንቋና!» ይሉታል።

ጽጌ፦ ሲስቁ ከዚህ ይሰማ ነበር።

ረድኤት፦ ለእኔም መጀመሪያ ያሳየኝ ይህንኑ ነው። እሱ በሚሠራበት ኬክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ፤ ሰው ጋብ ሲል ወደ ኋላ ጠርቶኝ «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለኝ። እኔ ሌላ ነገር መስሎኝ ተቆጥቼ ገባሁ። ብርጭቆና ማንጎ ይዞ ቆሟል። እዚያው ወደድኩት።

ጽጌ፦ ማንጎውን ልክተፈው?

ረድኤት፦ ክተፊው። ሎሚም ጨምቂበት።

ጽጌ፦ ሎሚ? ሎሚ አለው እንዴ?

ረድኤት፦ ማንጎውም ላይ፣ አይቡም ውስጥ አለው። እንደዚያ ባይሆን እንዲህ አይጣፍጥም። ታውቂያለሽ እትዬ፣ ይህን ሎሚ ባስቀረው አንድ ጊዜ ቀምሰው «ይሄ የልጄ አይደለም» ይሉሻል። ቀጥለው «ልጄ የት ነው?» ይሉሻል። ያን ጊዜ የበረዶ ሳጥኑ አያድንሽም።

ጽጌ፦ ታስፈራሪኛለሽ?

ረድኤት፦ አስቤው ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁን ብስኩቱን ስወቅጥ ሁሉ አስቤው ነበር። ግን እጄ እምቢ አለኝ። እሱ ያሳየኝን ነገር አበላሽቼ ለእናቱ አልሰጥም። ይሄው፣ ጨመርኩት።

ጽጌ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ረድኤት፦ አይብ፣ ማንጎ፣ እንደገና ብስኩት፣ እንደገና አይብ። ከላይ ማንጎ ብቻ። በቃ፣ ፍሪጅ ክተቺው። ትንሽ ይያዝ።

ጽጌ፦ የእሱን መሰለ። ወይኔ ወንድሜ! ቁርጥ የእሱን መሰለ።

ረድኤት፦ አታልቅሺ። ሻሽሽን አስተካክዪ፣ ልትገቢ ነው።

ጽጌ፦ ረድኤት፣ ክፉ አልሁንብሽ። የምፈራውን ታውቂዋለሽ? ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ፣ መርዶውን ይነግሯታል፣ እሷም አንዴ ጮኻ ቀጥ ትላለች። ወንድሜን ቀብሬ ዕንባዬ ሳይደርቅ እናቴን ልቅበር? አልችልም። ይህን ብቻ አልችልም።

ረድኤት፦ እንዲህ አልጋ ላይ እንዳሉ ቢሞቱስ? ምን ብለው ነው የሚሞቱት?

ጽጌ፦ ልጄ ደህና ነው ብላ።

ረድኤት፦ እንደዚያ ይመስልሻል? ትናንት እግራቸውን ሳሻቸው ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ? «ምን አስቀይሜው ነው?» አሉኝ።

ጽጌ፦ ምን?

ረድኤት፦ «እናቱ ታማ እንዲህ የሚጨክነው ምን አስቀይሜው ነው? ለአንቺ ነግሮሽ ከሆነ አትደብቂኝ፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አሉኝ። ልጄ ጣለኝ ብለው ነው የሚሞቱት፣ እትዬ። እሱ፣ ያ የእናቱን ድድ የሚያስብ ሰው፣ ጨካኝ ተብሎ ይቀራል። እናቱ እርማቸውን ያውጡ፣ እኔም እርሜን ላውጣ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ጽጌ፦ ይህን ለእኔ አልነገረችኝም።

ረድኤት፦ ለአንቺ ምን ብለው ይንገሩሽ? አንቺ «ትልቅ ሆቴል ነው፣ ፈቃድ አጥቶ ነው» ትያቸዋለሽ።

ጽጌ፦ ብርጭቆውን ከፍሪጅ አውጪው በቃ። ይያዝም አይያዝ ልውሰድላት።

ረድኤት፦ ይዟል። ሂጂ። እኔ ዓይኔ ቀልቷል፣ አልገባም። ደግፈሽ ቀና አድርጊያቸው፣ ትን እንዳይላቸው።

ጽጌ፦ እሺ። ጸልዪልኝ።

(ጽጌ ብርጭቆውን ይዛ ወደ እናቷ ክፍል ትገባለች፤ ከቆይታ በኋላ ትመለሳለች።)

ረድኤት፦ ምነው ቆየሽ? በሉ?

ጽጌ፦ በሩን ዝጊው።

ረድኤት፦ ዘጋሁት። በሉ ወይ?

ጽጌ፦ በላች።

ረድኤት፦ እውነትሽን ነው?

ጽጌ፦ አንድ ማንኪያ ዋጠችና ዓይኗን ጨፈነች። «አወይ ልጄ» አለች። ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ነጥቃኝ ራሷ ጎረሰች። «አልረሳኝም» ትላለች፣ ትጎርሳለች። «አልረሳኝም» ትላለች፣ ትጎርሳለች። መድኃኒቱንም ዋጠችልኝ።

ረድኤት፦ እሰይ! እሰይ እማማ! ታዲያ ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ደግሞ ግማሹ ቀርቷል። ጠገቡ?

ጽጌ፦ አልጠገበችም። በማንኪያው መሐሉን ሰንጥቃ አካፈለችው።

ረድኤት፦ ለማን?

ጽጌ፦ ለአንቺ።

ረድኤት፦ ለእኔ?

ጽጌ፦ «ያቺ ልጅ ከሰል መስላለች። ባሏ ናፍቋት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ከእጁ ትቅመስ። ነይ በያት፣ እዚህ እፊቴ ተቀምጣ ትብላ» አለችኝ።

ረድኤት፦ ጌታዬ ሆይ!

ጽጌ፦ «ምሳዋን በልታለች፣ ጠግባለች» አልኳት። ሳቀችብኝ። «እምቢ ካለች በምንቴ ሞት በያት» አለችኝ።

ረድኤት፦ ኧረ እትዬ!

ጽጌ፦ እየሳቀች ነው ያለችው፣ ረድኤት። እየሳቀች። እኔ ደግሞ ብርጭቆውን ይዤ «እሺ እማዬ» ብዬ ወጣሁ።

ረድኤት፦ ስጪኝ።

ጽጌ፦ ምኑን?

ረድኤት፦ ብርጭቆውን ስጪኝ፣ ማንኪያም ስጪኝ። ፊቴን ታጥቤ ገብቼ እበላለሁ። አላለቅስም፣ ለምጄዋለሁ። «ጎበዝ ባል አለኝ» እላቸዋለሁ። ቅድም ያልኩሽን ሁሉ ተይው። እህል ቀምሰው፣ መድኃኒት ውጠው፣ ስቀው! አርባውም ይለፍ፣ ሰማንያውም ይለፍ። እኔ እችለዋለሁ።

ጽጌ፦ አትገቢም።

ረድኤት፦ እየጠሩኝ ነው፣ አትሰሚም?

ጽጌ፦ እሰማለሁ። እኔ ገብቼ «ስልክ ይዛለች፣ ትመጣለች» እላታለሁ።

ረድኤት፦ ከማን ጋር?

ጽጌ፦ ከጋሽ በቃሉ ጋር። አሁኑኑ ደውዪለት። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹንና ሐኪሙን ይዞ ይምጣ።

ረድኤት፦ እትዬ፣ ልባቸውስ?

ጽጌ፦ እኔ አጠገቧ እተኛለሁ። ቀድሞ ማንም እንዳይመጣ ግን አደራ በይው። ዛሬን ልጅ እንዳላት ትደር።