የአባትየው ኮት

— ሄሎ?... አዎ፣ ኦፓል ነኝ። ኔልሰን፣ አንተ ነህ? ደህና ዋልክ፣ መምህር?... እኔማ የቲያትርህን ልብስ እየሰፋሁልህ ነው። ኮልተንን ወንበር ላይ አቁሜ ማሊያው ትከሻ ውስጥ ጥጥ እየጠቀጠቅሁለት... የጎረቤቴ ልጅ፣ ኳስ ተጫዋቹ ነዋ፤ ስንት ኮልተን አለን?... ልጄ አትነቃነቅ፣ ስፒሉ ይወጋሃል።

— ምን ሆነ አልከኝ?... አባትየውን የሚጫወተው ልጅ? ውይ... ድምፁ ጭራሽ ተዘጋ? ለቅዳሜ ቲያትር?... እና የአባትየውን ኮት ለሃዋርድ ላጥብበው? የሰፈራችን ፖስተኛ ልጅ፣ ያ ቀጭኑ... ከወረቀት እያነበበ?... ልጁን ቀብሮ የተመለሰ አባት ከወረቀት ያነባል እንዴ፣ ኔልሰን?

— ቆይ። ቆይማ አድምጠኝ። የአባትየውን ቃል አንድም ሳይስት የሚያውቅ ሰው እዚህ ቆሟል... አዎ፣ ኮልተን... አትሳቅ።

— ሦስት ሳምንት ሙሉ ልለካ እያለ ሲመላለስ የፖም ኬኬን ፈልጎ መስሎኝ ነበር። ኬኩንም አልማረው፣ እውነቱን ለመናገር። ግን እኔ ስሰፋ ጽሑፉን ከጠረጴዛ ያነሳና የአባትየውን ይላል። ባለፈው ሰኞ እሱን ስሰማ እጅጌውን ከገዛ ቀሚሴ ጋር ሰፍቼው አረፍኩ።

— ለምን አልተፈተነም?... የተዋናይ መምረጫውን ፈተና በኳስ ልምምድ ሰዓታቸው ያደረግኸው አንተ። ኋላ ኮሪደር ላይ ትከሻውን አየህና፣ «ደብተር የሚያስጥለውን ጉልቤ ትሆንልኛለህ፤ ማሊያህን ለብሰህ ና፣ ትወና አያስፈልግህም» አልከው። አላልክም?... በቀልድ። እሱ ግን እንደ ቀልድ አልነገረኝም።

— አልፈርድብህም፣ እኔም ያው ነኝ። አምና ደጄ ላይ በእንጨት የተተከለውን የፖስታ ሳጥኔን ተገንድሶ ሳገኘው፣ ማንንም ሳልጠይቅ የእነኮልተንን በር አንኳኳሁ። የቡድኑን ጃኬት ከለበሰ ሌላ ማን ይሰብራል ብዬ። ልጁ አካፋ ይዞ መጣና መልሶ ተከለልኝ። በሳምንቱ ፓስተራችን መኪናቸውን ወደ ኋላ ሲነዱ እንደገጩት ነገሩኝ... አዎ፣ ፓስተሩ። የቡድን ጃኬትማ አልለበሱም።

— ኮልተን አባት ሆኖ ሲወጣ ሰው ይስቃል? ይሳቅ... ጉልቤውንማ ሃዋርድ ይጫወተው። ቀጭን ሰው ክፉ አይሆንም ያለህ ማነው? የአማቴ ክብደት መቶ ፓውንድ አይሞላም ነበር።

— አይ፣ ነገ አይደለም። አሁኑኑ በስልክ ትሰማዋለህ። ካልሰማኸው ኮቱን አልነካውም፤ መርፌና ክር ካለህ ራስህ አጥብበው... እንዲያ በለኝ። ኮልተን፣ ውረድና ና... አዎ፣ እሱ ነው። አትጩህ፤ ልክ ለእኔ እንደምትለው በል። ያዝ።

— ...

— ...

— በቃ፣ ስልኩን አምጣ። ሄሎ? ኔልሰን፣ ትሰማኛለህ?... አባትየው እሱ ይሁን?... ምነው ድምፅህ?... ጉንፋን። እሺ፣ ጉንፋን ይሁን።

— እንግዲያው ኮቱን አላጠብበውም፤ ጀርባውን ተርትሬ አሰፋዋለሁ... ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ይለካዋል፤ አርብማ ጨዋታ አለበት... ጥጡ? ትከሻው ይግዘፍ ብለህ የላክልኝ?... አውጥቼ ለሃዋርድ አደርገዋለሁ። እሱ ነው የሚያስፈልገው።

— በል ደህና ዋል... ኮልተን፣ ያን ማሊያ አውልቀው።